የስልክ መስኮት፣ የልብስ ሞድና የነጋዴው መደርደሪያ

ልብስ የሚነግድ ሰው ዕቃ ከማዘዙ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መጠየቁ ከጥንት የቈየ ልማድ ነው። አንደኛው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው «ማን ይገዛዋል?» የሚለው ነው። በዛሬው ዘመን ግን ከነዚህ ከሁለቱ የማያንስ ሦስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። ይኸውም «ይህ ልብስ በሰው ዘንድ ተወዶ የሚቈየው እስከ መቼ ነው?» የሚለው ነው። አያሌ አስመጪዎችና ባለሱቆች ካፒታላቸው በመደርደሪያ ላይ ታስሮ የሚቀረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ቀርተው ሳይሆን፥ ሦስተኛውን ሳይጠይቁ በመቅረታቸው ነው።

ለዚህም ዋናው ምክንያት በእያንዳንዱ ሰው እጅ የሚገኘው ስልክ ነው። ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክና ቴሌግራም የሚባሉት የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች የሰውን የአለባበስ ምርጫ በምን መንገድ እንደሚገፉት፥ ግፊቱም በንግድ ላይ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ማወቅ ለወጣቶች ወላጆች ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም የሚገባ ነው።

ሞድ በቀድሞው ጊዜ

የሰው ልጅ ሌላውን አይቶ መልበሱ አዲስ ነገር አይደለም። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» እንዲሉ፥ የጎረቤት ልብስ፣ የሠርግ ቤት ልብስና የበዓል ልብስ ሁልጊዜ የሚታይና የሚመዘን ነበር። አዲስ የሆነው የሚታይበት ፍጥነትና የሚያየው ሕዝብ ብዛት ነው።

ክርስቲያን ዲዮር የተባለው ፈረንሳዊ የልብስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1947 የመጀመሪያ ሥራዎቹን በፓሪስ ከተማ ባሳየ ጊዜ፥ ወገቡ የጠበበና ከታች የሰፋ አዲስ የቀሚስ ቅርጽ ታወቀ፤ «ኒው ሉክ» የሚል ስምም ወጣለት። ይሁን እንጂ ይህ ቅርጽ ከፓሪስ ተነሥቶ በሌሎች አገሮች ልብስ ሰፊዎች እጅ የገባው በጋዜጣ፣ በመጽሔትና በሲኒማ አማካይነት ቀስ በቀስ ነው። የፓሪስ ታላላቅ የልብስ ቤቶች አዲስ ሥራቸውን የሚያሳዩት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ነጋዴው አንዱን ሞድ ሸጦ ለመጨረስ በቂ ጊዜ ያገኝ ነበር።

በኢትዮጵያም ቢሆን በልብስ ምክንያት የሚነሣው ክርክር የቈየ ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ የነበረው የሴቶች የልብስ ትርኢት፥ የውጭ አገርን ሞድ በነቀፉ ተማሪዎች ተቃውሞ ታውኮ ነበር። ያን ጊዜ አጭር ቀሚስ መልበስም ሆነ አለመልበስ ሰውን በጓደኞቹ ፊት የሚያስመዝን ነገር ነበረ። መዛኞቹ ግን በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሰፈር የሚገኙ፥ በስምም በመልክም የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን መዛኙ ማን እንደ ሆነና ስንት እንደ ሆነ ለባሹ ራሱ አያውቅም።

ግፊቱ የሚሠራበት መንገድ

ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሰው የራሱን አስተያየትና ችሎታ የሚለካበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ባጣ ጊዜ ራሱን ከሌሎች ሰዎች ጋር እያነጻጸረ እንደሚፈርድ አስረድቷል። ጨርቅን በሜትር፥ ስኳርን በኪሎ መለካት ይቻላል፤ ማማርን የሚመዝን ሚዛን ግን የለም። ስለዚህ «አምሮብኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚፈልገው በሌላ ሰው ፊት ላይ ነው።

ሰሎሞን አሽ የተባለው ሌላ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ሥራ የመስመሮችን ርዝመት በማነጻጸር ያደረገውን ፈተና ገልጿል። ከተፈታኙ ጋር የተቀመጡት ሰዎች፥ እርሱ ሳያውቅ፥ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ ተነግሯቸው ነበር። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዐይናቸው ያየውን ትተው የብዙኃኑን ስሕተት ተከትለዋል። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን በተናገረ ጊዜ ተፈታኙ ስሕተቱን መከተሉ በእጅጉ ቀንሷል። እንደ መስመር ርዝመት ባለ ግልጽ ነገር ላይ የብዙኃን ድምፅ ይህን ያህል ኀይል ካለው፥ በቀለምና በቅርጽ ምርጫ ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ለዚህ ለጥንቱ የሰው ጠባይ ሦስት ነገሮችን ጨምረውለታል።

የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በፎቶግራፉ ሥር «ላይክ» የሚባለው የውዴታ ምልክት ይቈጠራል። ስለዚህ ቀድሞ በፈገግታ ወይም በዝምታ ይገለጽ የነበረው የሰው አስተያየት ዛሬ እንደ ሒሳብ መዝገብ በአሃዝ ተጽፎ ይታያል። የጓደኛዋን ፎቶግራፍ መቶ ሰው ሲወድደው የእርሷን ሃያ ሰው ብቻ የወደደው ልጃገረድ፥ ጥፋቱ የልብሷ ይመስላታል። ኢንስታግራም ራሱ ይህን ግፊት ለማቃለል በማሰብ እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳና በሌሎች አንዳንድ አገሮች ቁጥሩን ደብቆ ሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ተጠቃሚው ቢፈልግ ቁጥሩን እንዲደብቅ ፈቅዷል።

ሁለተኛው አልጎሪዝም የሚባለው መርጦ የማቅረቢያ ስሌት ነው። ይህ ስሌት ተመልካቹ በየትኛው ሥዕል ላይ ምን ያህል ሰኮንድ እንደ ቈየ ይከታተላል፤ ከዚያም ያንኑ የመሰለውን ደጋግሞ ያቀርብለታል። አንዲት ሴት አንድን የቀሚስ ዐይነት ሁለት ሦስት ጊዜ ቈም ብላ ካየች፥ ብዙ ሳይቈይ ስልኳ በዚያው ቀሚስ ይሞላል። እርሷም «ሰው ሁሉ ይህን ሲለብስ እኔ ብቻ ቀረሁ» ትላለች። እውነቱ ግን ሰው ሁሉ አልለበሰውም፤ የለበሱት ሰዎች ተመርጠው ቀረቡላት እንጂ።

ሦስተኛው ተከፍሎት የሚያስተዋውቅ ሰው ነው። ብዙ ተከታይ ያለው፥ ተጽዕኖ ፈጣሪ የሚባለው ሰው አንድ ልብስ ለብሶ ሲታይ፥ ለተመልካቹ የወዳጅ ምክር እንጂ ማስታወቂያ አይመስለውም። ልብሱ ግን በስጦታ የተሰጠው ወይም ገንዘብ የተከፈለበት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለው ጥቅም ለተመልካቹ በግልጽ እንዲነገር ያዝዛል። በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ እንዳይነገር የሚከለክል ነው። ባለሱቁ በሌላ ሰው አንደበት ዕቃውን ሲያስተዋውቅ፥ የሚነገረው ቃል የራሱ ቃል መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

ፎቶግራፍ የተነሣ ልብስ

ከእነዚህ ከሦስቱ ነገሮች የተነሣ ልብስ የሚገዛበት ምክንያት ራሱ ተለውጧል። ቀድሞ ሰው ልብስ የሚገዛው እስኪያረጅ ድረስ ለመልበስ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ለመታየት ይገዛል። አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በገጽ ላይ የወጣ ቀሚስ የታየ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ለሚቀጥለው ሠርግ ወይም በዓል ሌላ ትፈልጋለች። ጨርቁ ሳያረጅ ልብሱ ያረጃል ማለት ነው።

ባርክሌይካርድ የተባለው የእንግሊዝ የክፍያ ካርድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባስደረገው መጠይቅ፥ ከመቶ ገዢዎች ዘጠኙ ልብስ ገዝተው፥ ለማኅበራዊ መገናኛ ፎቶግራፍ ከተነሡበት በኋላ ለሻጩ እንደሚመልሱ አምነዋል። ማኪንዚ የተባለው የአማካሪዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጥናት ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው በአማካይ የሚገዛው ልብስ በመቶ 60 ያህል ሲጨምር፥ ልብሱን ይዞ የሚቈይበት ጊዜ ግን በግማሽ ያህል መቀነሱን ያመለክታል። ይህ ለውጥ የጀመረው የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ከመስፋፋታቸው አስቀድሞ፥ ርካሽ ልብስ በብዛት ከመሠራቱ የተነሣ ነው። ስልኩ የመጣው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሲሆን፥ የጨመረው ፍጥነትን ነው።

ነጋዴው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት የገዢ ፍላጎት ሁለት ዐይነት መሆኑን ነው። አንደኛው ለመልበስ የሚፈልገው ነው፤ ይህ እንደ ምንጭ ውሃ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም አይነጥፍም። ሁለተኛው ለመታየት የሚፈልገው ነው፤ ይህ እንደ ደራሽ ውሃ ነው፤ በድንገት ሞልቶ በድንገት ይጐድላል። ለደራሽ ውሃ የተሠራ ትልቅ ጀልባ ውሃው በጐደለ ጊዜ በደረቅ አሸዋ ላይ ይቀራል።

ታላላቆቹ ድርጅቶች ያደረጉት

በውጭ አገር የሚገኙ ታላላቅ የልብስ ድርጅቶች ይህን ደራሽ ውሃ ለመቅዳት የተለያየ ዘዴ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በስፔን አገር በላ ኮሩኛ ከተማ የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው ዛራ፥ አንድ ልብስ ከተነደፈበት ጊዜ አንሥቶ ለገዢ እስኪቀርብ ድረስ የሚወስደውን ጊዜ ወደ ጥቂት ሳምንቶች በማሳጠሩ ታውቋል። ይህን ለማድረግ የቻለውም ከልብሱ ከፍ ያለውን ክፍል በስፔን፣ በፖርቱጋል፣ በሞሮኮና በቱርክ፥ ይኸውም ለገበያው በሚቀርቡ አገሮች ስላሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና በናንጂንግ ከተማ ተመሥርቶ ኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሲንጋፖር ያዛወረው ሺን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ፈጥኗል። ድርጅቱ ራሱ እንደ ገለጸው፥ አንድ አዲስ ልብስ መጀመሪያ የሚሠራው ከ100 እስከ 200 በሚደርስ ቁጥር ብቻ ነው። ልብሱ በስልክ ቀርቦ ብዙ ሰው ከፈለገው ተጨማሪ ይታዘዛል፤ ፈላጊ ካጣ ግን በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሺን የሕዝቡን ምርጫ አስቀድሞ ያውቃል ከማለት ይልቅ፥ በጥቂት ዕቃ ይፈትናል ማለት ይሻላል።

በሎስ አንጀለስ ከተማ የተመሠረተው ፎሬቨር 21 ግን ሰፋፊ ሱቆችን በብዙ አገሮች ከከፈተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። በማርች 2025 የአሜሪካ ሱቆቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራውን አስታውቆ ሱቆቹን ለመዝጋት ተገዷል። ድርጅቱ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ የጠቀሰው፥ ዋጋቸው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅሎች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መግባታቸውን ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን የቀረጥ ነጻነት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከቻይና ለሚመጡ ጥቅሎች፥ በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ ደግሞ ከሁሉም አገሮች ለሚመጡት አስቀርቶታል። ይህ ውሳኔ በሻይና በቡና ላኪው ላይ ብዙ ለውጥ ባያመጣም፥ አንድ ሁለት የሐበሻ ቀሚስ በጥቅል ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ ለሚልክ ነጋዴ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ነጋዴ ዋጋ ከመቍረጡ በፊት በመላኪያው ቀን የሚሠራበትን የቀረጥ ደንብ መጠየቅና ቀረጡን የሚከፍለው ሻጩ ወይም ገዢው መሆኑን አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር ይኖርበታል።

የባሕር መንገድና የሞድ ዕድሜ

ከቻይና ልብስ የሚያስመጣ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ እንደ ዛራ ለፋብሪካው ቅርብ አይደለም፤ እንደ ሺን መቶ ቀሚስ አሠርቶ መፈተንም አይመቸውም። ዕቃው ተሠርቶ፥ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፥ በየብስ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተጓጕዞና የጉምሩክ ሥርዓት ተፈጽሞለት መርካቶ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ፥ ትእዛዝ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሲታሰብ፥ በወር የሚቈጠር ነው። በስልክ የመጣ ሞድ ዕድሜ ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንት ይቈጠራል። ነጋዴው ያዘዘው ቀሚስ በባሕር ላይ ሳለ፥ ገዢዋ ሌላ ቀሚስ ማየት ጀምራለች።

የሚከተለው ስሌት ነገሩን ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው። አንድ አስመጪ በስልክ የተወደደ ቀሚስ አይቶ 1,000 ቀሚስ አስመጣ እንበል። አንዱ ቀሚስ ሱቅ እስኪደርስ 1,500 ብር ፈጅቷል፤ የሽያጩ ዋጋ 2,200 ብር ነው። በወረቀት ላይ ትርፉ 700,000 ብር ይመስላል። ነገር ግን 600 ቀሚስ ከተሸጠ በኋላ ሞዱ አለፈ። እስከዚህ የተገኘው 1,320,000 ብር ስለ ሆነ፥ ያወጣውን ለመመለስ ገና 180,000 ብር ይጐድለዋል። ከብዙ ወራት በኋላ የቀሩትን 400 ቀሚሶች በ800 ብር ቢሸጥ 320,000 ብር ያገኛል። በጠቅላላው 1,500,000 ብር አስሮ ያተረፈው 140,000 ብር ብቻ ነው፤ በዚህ መካከል የተከፈለው የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ከዚሁ ላይ ይነሣል።

ሌላው ነጋዴ ግን 300 ቀሚስ ብቻ አዘዘ። ቁጥሩ በማነሱ አንዱ ቀሚስ 1,700 ብር ፈጀበት። ሁሉንም በ2,200 ብር ሸጦ ጨረሰ። ያወጣው 510,000 ብር፥ ያገኘው 660,000 ብር፥ ትርፉም 150,000 ብር ነው። በአንዱ ቀሚስ ላይ ያተረፈው ፊተኛው በወረቀት ላይ ካሰበው ያነሰ ሆኖ ሳለ፥ በሲሶ በሚያህል ካፒታል በጠቅላላው የበለጠ አተረፈ፤ ገንዘቡም በአጭር ጊዜ ተመልሶ በእጁ ገባ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም።

የምንዛሪው ሁኔታ ደግሞ ይህን ጥንቃቄ የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ እስከዚያ ድረስ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚህም የተነሣ በመደርደሪያ ላይ የቀረ ዕቃ በብር ቢሸጥ እንኳ በምትኩ ያንኑ ያህል ዕቃ ላያስመጣ እንደሚችል ብዙ ነጋዴዎች በራሳቸው ሒሳብ አይተውታል።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ነጋዴው ራሱ የስልክ ተመልካች ነው። ለማዘዝ ያሰበውን ቀሚስ ደጋግሞ ባየ ቍጥር፥ ስሌቱ ያንኑ ቀሚስ አብዝቶ ያቀርብለታል። እርሱም «ገበያው ሁሉ ይህን ይፈልጋል» ብሎ ያምናል። ገዢዋን ያሳሳተው መስኮት ሻጩንም ያሳስተዋል ማለት ነው። ከሱቁ የሽያጭ መዝገብ የበለጠ እውነተኛ መስኮት የለም፤ ምን እንደ ታየ ሳይሆን ምን እንደ ተሸጠ የሚናገረው እርሱ ነውና።

የሐበሻ ልብስና የስልኩ ሁለት ገጽታ

የስልኩ ግፊት የውጭ አገር ልብስ ብቻ የሚያሸጥ ከመሰለ ስሕተት ይሆናል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፥ እንዲሁም በጥርና በሚያዝያ ለሚበዛው ሠርግ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጥለት ለብሶ ፎቶግራፍ መነሣት የተለመደ ሆኗል። ባለፈው ዓመት የታየው ቀሚስ ዘንድሮ አይደገምም። ከዚህም የተነሣ በሽሮ ሜዳና በመርካቶ ሸማ ተራ አዲስ ጥለትና አዲስ ቀለም በየበዓሉ ይፈለጋል።

ስልኩም ለሻጩ መሣሪያ ሆኖታል። ባለሱቁ አዲሱን ቀሚስ በቴሌግራም ያሳያል፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብ ክፍያ ይቀበላል። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በዱባይና በቴል አቪቭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሽሮ ሜዳ ሳይደርሱ ያዝዛሉ። ለላኪው በዓላቱ የታወቀ የገበያ ቀጠሮ ናቸው። ለምሳሌ ያህል በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤሎች ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት የስግድ በዓል እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። የሐበሻ ቀሚስ ለሚልክ ነጋዴ ይህ ቀን እንደ ገናና እንደ ፋሲካ በመዝገብ ሊያዝ የሚገባው ነው፤ ከበዓሉ ማግሥት የሚደርስ ቀሚስ ዋጋ የለውምና።

ከዚህም ሌላ የአገር ውስጡ ሥራ አንድ ብልጫ አለው። የዶርዜ ሸማኔ ለአሥር ቀሚስ የሚበቃ ጥለት ሠርቶ ማሳየት ይችላል፤ ቢወደድ ሌላ አሥር ይጨምራል፤ ካልተወደደ ቀለሙን ይለውጣል። ዛራ በቅርብነት፥ ሺን በጥቂት ዕቃ በመፈተን የሚያገኙትን ጥቅም፥ ከሸማኔና ከልብስ ሰፊ ጋር በመልካም የሚሠራ ባለሱቅ ሁለቱንም በአንድነት ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው መስኮት ጉዳትም ያስገባል። ሸማኔው ብዙ ቀን ደክሞ ያወጣው ጥለት ፎቶግራፉ በገጽ ላይ በወጣ ጊዜ በሩቅ አገር ፋብሪካ ሊቀዳ ይችላል። ጥበብ የሚመስል ሥዕል በመኪና የታተመበት ጨርቅ ተሠርቶ ሲመጣ ዋጋው ከእጅ ሥራው እጅግ ያነሰ ነው። በስልክ መስኮት ላይ ደግሞ ፈትሉና ኅትመቱ ተለይተው አይታወቁም፤ ለዐይን አንድ ይመስላሉ። ለእጅ ሥራ ተከፍሎበት የታተመ ጨርቅ የደረሰው ገዢ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠረው አንድን ሻጭ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው።

ስለዚህ «በእጅ የተሸመነ»፣ «በመኪና የተሸመነ»፣ «የታተመ» የሚሉት ቃላት በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር ሊጻፉ ይገባል። የታተመውን መሸጥ ነውር አይደለም፤ ዐቅሙ ለሚፈቅደው ያህል የሚገዛው ሰው አለ። ነውሩ ስሙን ለውጦ መሸጥ ነው። ለሸማኔውም ቢሆን ትእዛዙ በዓል ሲቃረብ በጥድፊያ ከሚወርድበት ይልቅ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ከነቀብዱ ቢደርሰው፥ ሥራው ይጠራል፤ ባለሱቁም በቀጠሮው ቀን ዕቃውን ይረከባል።

የገዢው ደኅንነትና የነጋዴው ስም

የልብስ ግፊት ኪስን ብቻ የሚጐዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን ካወጣቻቸው የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች አንዱ፥ ከሦስት ወጣት ሴቶች የአንዷን ስለ ሰውነቷ ያላትን መጥፎ ስሜት ኢንስታግራም እንደሚያባብስባት የሚገልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ማኅበራዊ መገናኛ ለወጣቶች የአእምሮ ጤና ስለሚያሰጋበት ሁኔታ ማሳሰቢያ አውጥተዋል። አውስትራሊያም ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በእነዚህ ገጾች ላይ መዝገብ እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች።

ነጋዴው ሐኪም ወይም ሕግ አውጪ አይደለም። ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመጨረሻውን ቃል የሚሰማው ከእርሱ ነው። በሰሎሞን አሽ ፈተና ውስጥ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው መኖሩ የተፈታኙን ድፍረት እንደ መለሰለት ከላይ ተነግሯል። ቀሚሱ እንደማይመጥናት፥ ወይም ጨርቁ ከአንድ እጥበት በኋላ እንደሚሸሽ ለገዢዋ በትሕትና የሚነግራት ሻጭ ያ አንድ ሰው ይሆንላታል። በዚያ ቀን አንድ ቀሚስ ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል፤ ገዢዋ ግን ለእኅቷ ሠርግ ልብስ በፈለገች ጊዜ የምትሄደው ወደ እርሱ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች ቃል ለሚለብሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን የሌላውን ሱቅ ፎቶግራፍ የራሱ አስመስሎ ለሚያወጣ ነጋዴም ይሠራል።

ለጥንቃቄ የሚበጁ ነገሮች

ከላይ ከተዘረዘረው ሁሉ አስመጪው፣ ላኪውና ባለሱቁ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያስቡባቸው ይጠቀማሉ።

አንደኛ፥ ዕቃን በሁለት ከፍሎ ማሰብ ነው። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የተማሪ ልብስ፣ የሕፃናት ልብስ፣ ነጠላና ጋቢ የመሳሰሉት ለመልበስ የሚፈለጉ ስለ ሆኑ በብዛት ቢያዙ ብዙ አያሰጉም። በስልክ ተወድዶ የመጣ ዕቃ ግን ጥቂት ታዝዞ በፍጥነት መሸጥ ያለበት ነው።

ሁለተኛ፥ ከማዘዝ በፊት ጊዜን መቍጠር ነው። ዕቃው ሱቅ የሚደርስበት ቀን የሞዱ ማለቂያ መስሎ ከታየ፥ የዋጋው ርካሽነት ሊያታልል አይገባም።

ሦስተኛ፥ በስልክ ላይ ከሚታየው ቁጥር ይልቅ የሽያጭ መዝገብን ማመን ነው። የወደዱት ሺህ፥ የገዙት አምስት ሊሆኑ ይችላሉና።

አራተኛ፥ ሞዱ ማለፍ ሲጀምር ሳይዘገዩ ዋጋ መቀነስ ነው። በጊዜው በጥቂት ኪሳራ የወጣ ገንዘብ ሌላ ዕቃ ያመጣል፤ ለትርፍ ሲባል የቈየ ዕቃ ግን ኪራይ ይበላል።

አምስተኛ፥ የሚወጣው ፎቶግራፍ የዚያው ዕቃ ፎቶግራፍ እንዲሆን፥ የጨርቁ ዐይነት፣ ልኩና የአሠራሩ ሁኔታ በእውነት እንዲጻፍ ማድረግ ነው።

የማኅበራዊ መገናኛው ጫና በሰው ላይ መኖሩን ነጋዴው ሊያስቀረው አይችልም። ሆኖም ገዢው በሰው ዐይን ተገፍቶ የሚገዛውን በልቡ ወድዶ ከሚገዛው ለይቶ ማወቅና ካፒታሉን በዚያው መጠን ማከፋፈል በእርሱ ሥልጣን ያለ ነገር ነው። የሚቀጥለው በዓል ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ያለፈውን ዓመት የሽያጭ መዝገብ አውጥቶ መመልከት ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ነው።